ከአያቴ ሣጥን የወጡ ሳንቲሞች፦ የፋብሪካ ስህተት ናቸው ወይስ ኋላ የተጎዱ?

የጦሳዋ፦

እንዴት ናችሁ። ከደሴ ነው የምጽፈው። ስለ ሳንቲም የማውቀው ማውጣቱን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄዬ የሞኝ ከሆነ እለፉኝ።

ባለፈው ሳምንት የአያቴን ቤት ቀለም ልናስቀባ ዕቃ ስናወጣ ከአልጋዋ ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ወጣ። ውስጡ በነጠላ ቅዳጅ የተቋጠረ ሳንቲም ሞልቶታል። አብዛኛው ሁላችንም የምናውቀው የደርግ ጊዜ ሳንቲም ነው፣ እሱን ተዉት። ግራ የገቡኝ አምስቱ ናቸው።

አንደኛው የምኒልክ ብር ነው። ዓመቱ ፲፰፻፹፱ ይላል፣ ቁጥሩን ያነበቡልኝ የሰፈራችን መሪጌታ ናቸው። ከዘውዱ በላይ ጠርዙ ላይ የግማሽ ሽንብራ ያህል እብጠት አለው፣ ያው ብረት ሆኖ ያበጠ ነገር። ሌሎቹ ሁለቱ የጃንሆይ ስሙኒዎች ናቸው፣ ሁለቱም ፲፱፻፴፮ ይላሉ። አንዱ ዳሩ እንደ አበባ ቅጠል እየገባ እየወጣ ነው፣ ግን አንዱ ጎድጓዳ ጠለቅ ያለ ሌላው ጠበብ ያለ፣ ሰው በሞረድ የሠራው ነው የሚመስለው። ሌላኛው ድፍን ክብ ነው፣ ፊደሎቹ ሥር ግን ነጭ ነገር ገብቶበታል። አራተኛው የደርግ አሥር ሳንቲም ነው። ኒያላው ባለበት ፊት ላይ የአንበሳው ጭንቅላት ተገልብጦ ወደ ውስጥ ሰምጦ ይታያል፣ ወላሂ ስታዩት ትደነግጣላችሁ። አምስተኛው የጃንሆይ አሥር ሳንቲም ነው፣ ከጠርዙ ተነሥቶ አንበሳው ወገብ ላይ የሚያልፍ ፀጉር የመሰለ መስመር አለው። አያቴ እሱን "ተሰንጥቋል፣ ጣዪው" ብላኛለች።

የአሥር ሳንቲሙን ፎቶ ቲክቶክ ላይ አሮጌ ገንዘብ እገዛለሁ ለሚል ሰውዬ ልኬለት 80 ሺህ ብር አለኝ። መጀመሪያ ግን "ለማረጋገጫ" 1,500 ብር በቴሌብር ላኪ አለ። እዚህ ጋ ነው ደንገጥ ያልኩት። እና ጥያቄዬ አጭር ነው፦ የፋብሪካ ስህተት ከኋላ ከመጣ ጉዳት በምን ይለያል?


ሸዋ በር፦

1,500ውን እንዳትልኪ! ሌላውን የሚያውቁት ይንገሩሽ። የአጎቴ ልጅ በዚችው ነው 3,000 የተበላችው፣ እስከ ዛሬ "ማረጋገጫው በመንገድ ላይ ነው" ይሏታል።


ኮምቦልቻ ፕሬስ፦

እህቴ፣ እኔ ሳንቲም ሰብሳቢ ከመሆኔ በፊት የፕሬስ ሠራተኛ ነኝ። ኮምቦልቻ ላሜራ የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን ላይ 11 ዓመት ቆሜያለሁ። የሳንቲም ማሽንም ያው የፕሬስ ዘመድ ነው።

አሠራሩን አንዴ ካወቅሽው ግማሹ ጥያቄ በራሱ ይመለሳል። መጀመሪያ ከተጠቀለለ ረጅም የብረት ዝርግ ላይ ክብ ክብ ልሙጥ ይቆረጣል። ልሙጡ ቀለበት ውስጥ ይቀመጣል። ከላይ አንድ ዳይ፣ ከታች አንድ ዳይ አለ። ዳይ ማለት ቅርጹ ተገልብጦ የተቆፈረበት ጠንካራ ብረት ነው፣ የቀበሌ ማኅተም አስቢ። ከዚያ ግው! ፊቱም ጀርባውም በአንድ ምት ይወጣሉ። ስህተት የሚመጣው እንግዲህ ወይ ልሙጡ ሲበላሽ ነው፣ ወይ ዳዩ ሲበላሽ ነው፣ ወይ ምቱ ሲስት ነው። ስለዚህ እኔ ሳንቲም ሲሰጡኝ ስንት ያወጣል ብዬ አልጀምርም። ማሽኑ ይሄን እንዴት አድርጎ ሊሠራው ይችላል እላለሁ። መልስ ካጣሁለት ሰው ነው የሠራው፣ ወይ ድንጋይ፣ ወይ እሳት።

አሁን ያንቺን እንይ። ከቀላሉ ልጀምር፣ 80 ሺህ ከተባለው። እውነተኛው ስህተት እንዲህ ነው የሚሆነው፦ የተመታ ሳንቲም ከማሽኑ ሳይወጣ አንዱ ዳይ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ቀጣዩ ልሙጥ ይገባል፣ ማሽኑ ይመታል። የተጣበቀው ሳንቲም ዳይ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ሳንቲም በአንድ ወገን ንጹሕ አንበሳ ይኖረዋል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ያው አንበሳ ተገልብጦና ሰምጦ። ኒያላ የሚባል ነገር አይኖርም! የት መጥቶ? የኒያላው ዳይ ልሙጡን አልነካውማ፣ መሐላቸው ሌላ ሳንቲም አለ። ያንቺ ሳንቲም ላይ ኒያላውም አለ፣ የሰመጠው አንበሳም አለ። ሁለቱ አብረው ከታዩ ኒያላው ቀድሞ ተመትቶ አልቋል፣ አንበሳው ኋላ ተጭኖበታል። ሁለት አሥር ሳንቲም ፊት ለፊት አድርገሽ ሞርሳ ውስጥ፣ ማለትም ብረት ነክሶ የሚይዘው መሣሪያ ውስጥ፣ ከተሽ ብታጠብቂው የሚወጣው ይሄው ነው። እስቲ ጀርባውን ገልብጪና እዪው። የአንበሳው አፍንጫና ጋማው ጠፍጠፍ ብሎ ከሆነ፣ ከዚያም አልፎ ትንንሽ የመረብ ጭረት ካለበት እሱ የሞርሳው ጥርስ ነው። እኔ ራሴ ተለማማጅ እያለሁ በምሳ ሰዓት ሠርቼ አውቃለሁ፣ ሥራ ፈት ብዙ ነገር ይሠራል።

መስመሩን በተመለከተ አያትሽን አክብሬ ነው፣ ግን እንዳትጥይው። ክፍሉን አጨልሚና የስልክሽን መብራት ከጎን አብሪበት፣ ከላይ አይደለም፣ ከጎን አስተኝተሽ። መስመሩ ወደ ላይ የተነሣ ነው ወይስ ወደ ታች የተቆፈረ? በጥፍርሽም ዳስሺው። የዳይ ስንጥቅ ሳንቲሙ ላይ ሲመጣ ሁልጊዜ ከፍ ያለ መስመር ነው የሚሆነው። ምክንያቱም ዳዩ ሲሰነጠቅ ክፍተት ይፈጠራል፣ ሲመታ የሳንቲሙ ብረት ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ጭረት ግን ቦይ ነው፣ ዳርና ዳሩም የተገፋው ብረት ጠርዝ ሠርቶ ይቆማል፣ ማረሻ ሲያልፍ ግራና ቀኝ አፈር እንደሚያነሣው። ሰው ሳንቲም ላይ ቦይ መቆፈር ይችላል፣ ፀጉር የምታክል ከፍ ያለ መስመር ማብቀል ግን አይሆንለትም።

የምኒልኩን ብር በፎቶ አልፈርድም። ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች አንዱ ጋ ሂጂና በወርቅ ሚዛን አስመዝኝው። ግራሙን ከነነጥቡ ጻፊልን።


ወልድያ 07፦

በዚሁ ልግባና፣ እኔም ጋ ዳሩ በክብ የተነከሰ የጃንሆይ አምስት ሳንቲም አለ። ጥርስ ያረፈበት ይመስላል። እሱስ?


ኮምቦልቻ ፕሬስ፦

ወልድያ፣ የነከሰውን ተወውና ፊት ለፊቱን እይ። ንክሻው በሰዓት 3 ላይ ከሆነ 9 ላይ ያለውን ከንፈር ተመልከት፣ ከንፈር የምለው ዳሩን ከፍ ብሎ የሚዞረውን ጠርዝ ነው። እውነተኛ ከሆነ እዚያ ያለው ከንፈር ሳስቶ ወይ ጠፍቶ ታገኘዋለህ። ልሙጡ ከመመታቱ በፊት ከንፈሩ እንዲቆም ዙሪያውን ይጨመቃል፣ አንዱ ጎን ከጎደለ ተቃራኒው ጎን የሚገፋው ያጣና ሳይቆም ይቀራል። ሌላም አለ፣ ንክሻው አጠገብ ያሉት ፊደሎች ወደ ጉድለቱ እየፈሰሱ፣ እየተለጠጡ፣ እየደበዘዙ ነው የሚያልቁት። ኋላ የተቆረጠ ከሆነ ፊደሉ ሙሉ ሆኖ መጥቶ በቢላ እንደተቆረጠ ድንገት ያበቃል። ሞረድ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ላይ ትይዩ ጭረቶች አሉ።


ወልድያ 07፦

ፊት ለፊቱ ሙሉ ነው። ፊደሉም ቆርጥ። ይሄ ነገር የወንድሜ ሥራ ሳይሆን አይቀርም፣ ልጅ እያለ ሁሉን ነገር ቁልፍ ማድረግ ይወድ ነበር።


ሐይቅ ዳር፦

ስለ ስሙኒዎቹ ማንም ምንም ሳይል ሊያልፍ ነው። እኔ ከምኒልኩ ይልቅ እነሱ ናቸው ደስ ያሉኝ።

በመጀመሪያ 1936 የሚለው የኛ አቆጣጠር ነው። ብዙ ሰው፣ በተለይ ውጭ ያሉ ሰብሳቢዎች፣ የጣሊያን ጊዜ ሳንቲም ይመስላቸዋል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የመጣ ሳንቲም ነው፣ አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ካሉት ማሽኖች የወጣ አለበት። ዓመቱ ሳይቀየር ለብዙ ጊዜ በዚያው በ1936 ሲታተም ስለቆየ ዓመቱን አይቶ ብርቅ ነው ማለት አያስኬድም።

አሁን ወደ ጠርዙ። ያኔ ሃምሳ ሳንቲሙ፣ ማለትም ሽልንጉ፣ ከብር ነበር የሚሠራው። ሃያ አምስቱ ከመዳብ። ታዲያ ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ላይ ጃንሆይ፣ ሁለቱም ላይ አንበሳ፣ ስፋታቸውም ተቀራራቢ። ሰው ምን አደረገ? መዳቡን ነጭ እየለበጠ ስሙኒውን በሽልንግ ማሳለፍ ጀመረ። አንዷን በመለበጥ እጥፍ ትርፍ! መንግሥት ሲነቃ ክቡን ስሙኒ ከገበያ አነሣና ዳሩን እንደ አበባ እያስቆረጠ መልሶ አወጣው፣ ይሄ በ1944 እና 1945 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እንዲህ ከሆነ ዓይኑ የማያይ ሰው እንኳን በጣቱ ዳስሶ ይለየዋል። አቆራረጡ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም፣ ልስልስ ተደርጎ የተሠራም አለ፣ ያንቺ እንደምትይው ሸካራና ወጣ ገባ የሆነም አለ።

እና የመጀመሪያው ስሙኒሽ የፋብሪካ ስህተት አይደለም፣ ጉዳትም አይደለም። ከተመታ በኋላ የተቆረጠ ነው፣ ግን የቆረጠው ባለቤቱ መንግሥት ነው።

ሁለተኛው ክቡ ነው። ነጩ ነገር ፊደሉ ሥርና ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቶ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ግን መዳብ መዳብ ካለ፣ ልባጩ በእጅ ብዛት ከላይ ተፍቆ ሥር የቀረው ነው የሚታይሽ። በሰብሳቢ ቋንቋ "የተበላሸ" ይሉታል። እኔ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ባገኝ ለይቼ አልሸጣቸውም፣ አንዱ ሌባው ነው፣ አንዱ ለሌባው የተሰጠ መልስ ነው። እባክሽ አትወልውይው። በሎሚም በአመድም በጥርስ ሳሙናም። ያ ነጭ ከጠፋ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል።


ሸዋ በር፦

ሐይቅ ዳር እንዲህ ያለውን እያወቅህ ዝም ብለህ ስትኖር 😂


የጦሳዋ፦

ኧረ እናንተ ሰዎች ተባረኩ። ሁሉንም አደረግሁት።

አሥር ሳንቲሙ፦ ጀርባው ላይ አንበሳው አፍንጫ የለውም፣ ሜዳ ሆኗል። የመረብ ጭረቱም አለ፣ ስልኬ ላይ አጉልቼ ሳየው እንደ ወንፊት ነው። ስለዚህ 80 ሺው ሄደ። ለሰውየው ጽፌ ብነግረው አገደኝ።

ባለ መስመሩ፦ መብራቱን ከጎን ሳበራበት መስመሩ ጥላ ጣለ! ተነሥቷል። በጥፍሬም ያዝ ያደርጋል። ከጠርዙ ሲነሣ ወፈር ይላል፣ ወደ አንበሳው ሲሄድ እየቀጠነ ወገቡ ላይ ይጠፋል።

ምኒልኩ፦ ወርቅ ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ ሁለቴ መዘነልኝ። 28.61 ግራም።

ደግሞ አያቴ ክቡን ስሙኒ አስታወሰችው። ሐይቅ ዳር የጻፍከውን ሳነብላት ከት ብላ ሳቀች። የስምንት ዓመት ልጅ ሆና አባቷ ፍየል ሸጠው ሲገቡ ሽልንግ ነው ብለው ለእናቷ ሰጡ፣ እናቷ በአመድ ሲያሹት ቀይ ሆነ፣ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ አለች። አባቷ "የተበላሁትን እንዳልረሳ" ብለው አስቀመጡት። እኔ ደግሞ ልጥለው ነበር።


ኮምቦልቻ ፕሬስ፦

ባለ መስመሩ የዳይ ስንጥቅ ነው፣ ከአምስቱ የፋብሪካ ስህተት እሱ ብቻ ነው። ጠርዙ ጋ ወፍሮ ወደ መሐል መቅጠኑ ራሱ ልክ ነው፣ ዳይ ብዙ ጊዜ ከዳር ነው መሰንጠቅ የሚጀምረው። አሁን ብዙ ደስ እንዳይልሽ፣ የዳይ ስንጥቅ ብርቅ ነገር አይደለም። አንድ ዳይ ተሰንጥቆም እስኪቀየር ድረስ ብዙ ሺህ ሳንቲም ይመታል። የሚወደው ሰው ከተራው ትንሽ ጨምሮ ይገዛሻል፣ የፎቅ መሠረት አይጥልም።

የምኒልኩ ሚዛን ግን ነገሩን ጨረሰው። የምኒልክ ብር ከፓሪስ ሲወጣ 28.075 ግራም ነው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ካለበት ከጠገራው ከማርትሬዛ ጋር እኩል እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። ያንቺ ብር እጅ ለእጅ ስንት ዓመት ዞሯል፣ ጢሙና ዘውዱ ላይ የተበላ ነገር መኖሩ አይቀርም። መቅለል ነበረበት። 28.61 ከሆነ ከግማሽ ግራም በላይ ከየት መጣ?

አንዳንድ ጊዜ የዳይ ጠርዝ ተቆርሶ ይወድቅና ሳንቲሙ ዳር ላይ እብጠት ይመጣል። ሰዎች ይሄን ይፈልጉታል። ግን እብጠቱ የሚሠራው ከዚያው ከልሙጡ ብረት ነው። ፕሬስ ብረት ያዛውራል፣ ብረት አይጨምርም። የክብደት ጭማሪ ካለ ሌላ ብረት ተለጥፏል ማለት ነው። ልሙጡ ራሱ ወፍራም ነበረ እንዳትይኝ፣ ያ ከሆነ ሳንቲሙ ሁሉ ወፍራም ይሆናል እንጂ አንድ ጥግ ብቻ አያብጥም።


ባቲ አንጥረኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ስልክ ላይ መጻፍ አልችልም፣ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። የብር ሥራ ከአባቴ የወረስኩት ነው።

ልጄ፣ አብሽሪ፣ የምኒልኩ ብር አልተበላሸም፣ ትርፍ ብረት ተሸክሞ ነው። ጆሮ ነበረው። ድሮ እናቶቻችን ማርትሬዛውንም ምኒልኩንም ጆሮ አስበይደው በክር ይዘው አንገታቸው ላይ ያደርጉት ነበር። ጌጥም ነው፣ ባንክም ነው። ችግር ሲመጣ ጆሮው ይቆረጥና ብሩ ይሸጣል። የጆሮው ሥር ግን እንደ ኮረብታ ይቀራል። ያንቺ ከዘውዱ በላይ ነው ያለው ብለሻል። ታዲያ ሌላ የት ይሆናል? ንጉሡ ሲንጠለጠሉ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ከራስ በላይ ነዋ የሚበየደው! እኔ ስህተት ነው የሚሉኝን ሁሉ መጀመሪያ ቦታውን ነው የማየው። ማሽን ሲሳሳት ቦታ አይመርጥም። እብጠቱም ቀዳዳውም ልክ ከራስ በላይ ከሆነ የሰው እጅ ነው።

እብጠቱን በደንብ እዪው። ጠርዙን ተሻግሮ ወደ ጎን ፈሷል? ከሥሩ የድሮው ቅርጽ እየተሸፈነ ገብቷል? ቀለሙ ከብሩ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው? በመርፌ ጫፍ እብጠቱን ብቻ ቀስ ብለሽ ጫን በዪው፣ ብሩን እንዳትነኪ። መርፌው ከገባ ስታኞ ነው፣ ለስላሳው የብየዳ ብረት። ስታኞ የቸኮለ ሰው ሥራ ነው፣ በትንሽ እሳት ይቀልጣል፣ ለብር አይመጥንም። ደህና አንጥረኛ ብርን በብር ነው የሚበይደው።

ቀዳዳ የተደፈነበትም ይመጣልኛል። እሱን ለማወቅ ብሩን ጣትሽ ጫፍ ላይ አድርገሽ በሌላ ሳንቲም ዳሩን ነካ አድርጊው። ደህናው ብር ረዘም አድርጎ ይዘፍናል። የተደፈነው ጠብ ብሎ ዝም ይላል። አባቴ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ዓይኑ ከደከመ በኋላ በጆሮው ብቻ ነበር የሚገዛው።


ወልድያ 07፦

አባባ፣ ማርትሬዛው ላይ ትንንሽ ምት ምት ያለበትስ? 1780 ይላል፣ አያቴ ደረቱ ላይ ያለውን ዕንቁ ቆጥረህ ውሰድ ትል ነበር።


ባቲ አንጥረኛ፦

አያትህ ልክ ናት። የሴትዮዋ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች አንድ በአንድ ካልተቆጠሩ ድሮ ሰው አይቀበልም ነበር። ትንንሾቹ ምቶች ነጋዴ የመታው ምልክት ይሆናሉ፣ ወይ ውስጡ መዳብ መሆኑን ሊያዩ የወጉት። ሁለቱም ከማሽን አይደሉም።


ሐይቅ ዳር፦

በዚሁ ላይ ልጨምር፣ 1780 ማለት በ1780 ተመታ ማለት አይደለም። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ነው የሞቱት፣ ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሳይቀር ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ሁለት ማርትሬዛ ይዛችሁ ጀርባው ላይ ያለው የንስሩ ላባ ተለያየ፣ ፊደሉ ተለያየ ብላችሁ "ስህተት" እንዳትሉ። ሌላ አገር፣ ሌላ ዳይ ነው። የምኒልክ ብርም ላይ አንበሳው ግራ እግሩን ያነሣበትና ቀኝ እግሩን ያነሣበት አለ፣ እሱም ሆነ ተብሎ ነው። ስህተት ከማለት በፊት ከተመሳሳዩ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።


አራዳ ልውውጥ፦

የጦሳዋ ምኒልኩን ልግዛሽ? ውስጥ መስመር ግቢ። ውጭ የሚወስድልኝ ሰው አለኝ።


ሸዋ በር፦

ደግሞ መጣ። የቆየ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም ወንድሜ፣ ልጅቷን ጣጣ ውስጥ አትክተት።


የጦሳዋ፦

አራዳ አይሸጥም፣ ይቅርታ።

አባባ፣ መርፌው ገባ። ልክ እንዳሉት ነው፣ ወደ ጎንም ፈስሶ ጠርዙን ሸፍኖታል። ለአያቴ "ጆሮ ነበረው ወይ" ብላት ዝም አለች። ቆይታ ነው የነገረችኝ። የእናቷ ነበር። በ77ቱ ድርቅ ሊሸጡት ጆሮውን ራሷ በጉጠት ቆርጣ ገበያ ወሰደችው። የሰጧት ዋጋ አንድ ቁና ማሽላ እንኳን አልሞላ ሲላት ተናድዳ ይዛው ተመለሰች። ሣጥን ውስጥ የገባው ያን ቀን ነው።

አሁን ደግሞ ምን ትላለች መሰላችሁ፣ "ጆሮውን አስመልሺልኝ"። ላደርገው ነው ትላለች። ኮምቦልቻ ምን ትላለህ? ዋጋው ይወርዳል አይደል?


ኮምቦልቻ ፕሬስ፦

እንደ ሰብሳቢ ከጠየቅሽኝ አይ! እንደገና እሳት? በቃ እንዳለ ይቀመጥ። ስታኞውን ለማንሣት ሲሞቅ ብሩ ሊጠቁር ይችላል፣ ዘውዱም አጠገቡ ነው።

ግን የሳቸው ነው። እኔ ምን አገባኝ።


ባቲ አንጥረኛ፦

ሰኞ ይዘሽ ነዪ። ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞቅ። ስታኞውን መጀመሪያ በሙቀት ሳይሆን በመፋቂያ ነው የማነሣው፣ የቀረችውን ብቻ ነው እሳት የማሳያት። ስታኞ ላይ ብር አይበየድም፣ ትንሽ ከቀረች ብሩን ትበላዋለች። አዲሱን ጆሮ በብር እበይደዋለሁ፣ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ። እንዳታጥቢው፣ ሎሚ እንዳታስነኪው፣ አያትሽ ላድምቀው ብትልሽም እምቢ በዪ።

አያትሽን ጠይቂልኝ፣ በክር ነው የምታደርገው ወይስ በድሪ? ለክር ጆሮው ሰፋ ይላል።


የጦሳዋ፦

በጥቁር ክር ነው አለች። እናቷ እንዳደረጉት።